ካለቀ በኋላ ስለሚጀምረው ሥራ፦ ለጀማሪ ፕሮግራመሮች

ውድ ወጣቶች፣

ፕሮግራሚንግ መማር የጀመሩ ልጆች «ምን ሠርተን እንለማመድ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በኮማንድ ላይን የሚሠራ፣ የሚከናወኑ ሥራዎችን መዝግቦ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። የስልክ መተግበሪያ ሊሠራ ለተነሣ ሰው፣ ጥቁር መስኮት ላይ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ነገር ከቁም ነገር የሚቆጠር አይመስለውምና «ይህማ በአንድ ቀን ያልቃል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የመጀመሪያው ረቂቅ በአንድ ቀን ያልቃል። እኔ የምጽፍላችሁ ግን አለቀ ከተባለ በኋላ ስላለው ሥራ ነው፤ ብዙዎች ትተውት የሚያልፉት እሱን ነውና።

ኮማንድ ላይንን የመረጥኩት ለቀላልነቱ ብቻ አይደለም። ቁልፍ፣ ቀለምና የገጽ አቀማመጥ ሲቀሩ በእጃችሁ የሚቆየው መረጃውና በመረጃው ላይ የምትፈጽሙት ነገር ብቻ ስለሆነ፣ ስሕተት ሲፈጠር የምትፈልጉበት ቦታ ጠባብ ይሆናል። አሠራሩ ያረጀ ቢመስልም አልተተወም፤ ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) እ.ኤ.አ. በ1969 ቤል ላብስ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ከተጀመረ ወዲህ ጽሑፍ ተቀብለው ጽሑፍ የሚመልሱ ትንንሽ ፕሮግራሞች ዛሬም ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች የዕለት መሣሪያ ናቸው። ስለ ቋንቋ ምርጫ ብዙ አትጨነቁ፤ ምሳሌዎቼን ከፓይተን የምወስደው ብዙ ጀማሪ የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ነው።

ለመነሻ አራት ትእዛዞች ይበቃሉ፦ ጨምር፣ አሳይ፣ ጨርስ፣ ሰርዝ። እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ፋንክሽን (ስም ተሰጥቶት አንድ ሥራ ብቻ በሚፈጽም የኮድ ክፍል) ጻፏቸው፤ ዝርዝሩን የሚለውጠውን ኮድ ወደ ስክሪን ከሚያትመው ኮድ ለዩት። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ነገሩ ይሠራል፣ ደስም ይላችኋል። ከዚያ እንደ ክፉ ተጠቃሚ ሆናችሁ ፈትኑት።

ከቁጥሩ ጀምሩ። ተጠቃሚው የሚያየው ዝርዝር ከ1 ይጀምራል፤ የፓይተን ሊስት (ዝርዝር መያዣው) ግን ከ0 ስለሚጀምር «ሰርዝ 3» ሲባል ፕሮግራማችሁ 1 ቀንሶ ኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) 2 ላይ ያለውን ያጠፋል። እዚህ ድረስ ሁሉም ጀማሪ ይደርሳል። አሁን «ሰርዝ 0» ብላችሁ ሞክሩ። ከ0 ላይ 1 ሲቀነስ ኔጋቲቭ 1 ይመጣል፤ በፓይተን ደግሞ ኢንዴክስ ኔጋቲቭ 1 የሊስቱ የመጨረሻ አባል ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ኢረር (የስሕተት መልእክት) ሳያወጣ፣ ማንንም ሳያስጠነቅቅ፣ ከዝርዝሩ ግርጌ ያለውን ሥራ ይሰርዛል። ጮሆ የሚወድቅ ፕሮግራም ከዚህ በብዙ ይሻላል፤ ቢያንስ ችግር መኖሩን ይናገራል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ የተሰጠው ቁጥር ከ1 ያነሰ ወይም ከዝርዝሩ ርዝመት የበለጠ እንደሆነ አስቀድሞ አይቶ መመለስ።

ቁጥሩ ሌላም ጣጣ አለው። ተጠቃሚው ዝርዝሩን አይቶ 2ኛውንና 3ኛውን ለማጥፋት ቢፈልግ፣ «ሰርዝ 2» ባለ ቅጽበት የቀድሞው 3ኛ ወደ 2ኛ ቦታ ይወጣል፤ ቀጥሎ «ሰርዝ 3» ሲል የሚጠፋው ያላሰበው ሥራ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ ሲመዘገብ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ስጡት። አሁን ካሉት መካከል በትልቁ ላይ 1 መደመር በቂ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ትልቁ ራሱ ከተሰረዘ ያው ቁጥር ለሌላ ሥራ ይደርሳል። የሚቀጥለውን ቁጥር ዝርዝሩ በሚቀመጥበት ፋይል ውስጥ መዝግቦ መያዝ ይህን ያስቀራል።

ወደ ፋይሉ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል፤ ተጠቃሚው ያመነባችሁን ነገር የምታጠፉት እዚህ ነውና። በፓይተን አንድን ፋይል ለመጻፍ ብላችሁ በተለመደው መንገድ ስትከፍቱት፣ አንድ ፊደል እንኳ ሳትጽፉ የነበረው ይዘት ወዲያው ይጠፋል። ከዕለታት አንድ ቀን ለሥራዎቹ የጊዜ ገደብ ልጨምር ብላችሁ የቀን ኦብጀክት (ፓይተን ቀንን የሚይዝበት የመረጃ ዓይነት) እዝርዝሩ ውስጥ ከተታችሁ እንበል። ዝርዝሩን በፋይል የምታስቀምጡበት ጄሰን የተባለው የጽሑፍ ቅርጸት ይህን ዓይነት ኦብጀክት መጻፍ ስለማይችል ፕሮግራሙ መሐል ላይ በኢረር ይቆማል፤ አሮጌው ዝርዝር ጠፍቷል፣ አዲሱ ግማሽ ላይ ቀርቷል። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ ጊዜያዊ ፋይል ላይ ጽፎ ይጨርስና ከዚያ በኋላ ብቻ በስም ቅየራ አሮጌውን ይተካዋል፤ መሐል ላይ ቢቋረጥ አሮጌው ሳይነካ ይተርፋል።

ከዚህ የባሰው ግን በቅን ልብ የሚጻፈው ስሕተት ነው። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ፋይሉ ገና ስለሌለ ኢረር ይመጣል፤ ጀማሪውም «ማንኛውም ኢረር ከመጣ ባዶ ዝርዝር መልስ» ብሎ ይገላገላል። ፋይሉ የተበላሸ ቀን ግን ያው ኮድ ባዶ ዝርዝር ይመልሳል፣ ተጠቃሚውም አንድ ሥራ ሲጨምር በተበላሸው ላይ ይጻፍበታል፤ ሊጠገን ይችል የነበረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። «ፋይሉ የለም» እና «ፋይሉ አለ፣ ግን አልነበብ አለ» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለመጀመሪያው ባዶ ዝርዝር፣ ለሁለተኛው ግልጽ መልእክትና መቆም ይገባል። ዝርዝሩ ድንገት ባዶ ሆኖ ቢታያችሁ ደግሞ ሳትደነግጡ በየትኛው ፎልደር ላይ እንዳላችሁ ተመልከቱ፤ ለፋይሉ ሙሉ አድራሻ ካልሰጣችሁት ፕሮግራሙ የሚፈልገው ትእዛዙን በሰጣችሁበት ፎልደር ውስጥ ነው።

በአማርኛ ለምትጽፉ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የፓይተን ጄሰን ላይብረሪ (ጄሰን የሚጽፍና የሚያነብ ዝግጁ ኮድ) ካልከለከላችሁት በቀር የግዕዝ ፊደላትን በኮድ ቁጥር ስለሚተካቸው ፋይሉን ስትከፍቱት የሚነበብ ነገር አታገኙም፤ መረጃው አልጠፋም፣ ቅንብሩን አስተካክሉ። በኮዳችሁ ፋይሉን ስትከፍቱም ፊደላቱ የሚቀመጡበት አሠራር ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) መሆኑን በግልጽ ጻፉ፣ ለኮምፒውተሩ ምርጫ አትተዉት።

ዛሬ ይህን ሁሉ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃ ጽፎ ሊሰጣችሁ ይችላል። አትጠቀሙ አልልም፤ ነገር ግን በዚህ ፕሮግራም ላይ ለማስረዳት እንጂ ለመጻፍ አትጥሩት። «ሰርዝ 0» ብሎ መፈተን እንዳለበት የሚያውቀው በራሱ እጅ ጽፎ የተቸገረ ሰው ነው።

በመጨረሻም የራሳችሁን እውነተኛ ሥራዎች እዚሁ ፕሮግራም ላይ መያዝ ጀምሩ፤ ቀለምና ጌጥ ከመጨመራችሁ በፊት ለጥቂት ሳምንታት ተጠቀሙበት። ከዚያ ለአንድ ጓደኛችሁ ስጡትና አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ምንም ሳትናገሩ ተመልከቱ። የትእዛዙን ስም ሲሳሳት ፕሮግራማችሁ ምን ይለዋል? ብዙ ቃላት ያሉትን ሥራ ያለ ትምህርተ ጥቅስ ሲያስገባ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ይመዘግብበት ይሆን? ያስቸገረውን ሁሉ አንድ በአንድ መዝግቡ፤ መመዝገቢያውን እንደሆነ ሠርታችኋል።