ሲስተርን ጠይቁ፦ ከአራስ እስከ 3 ዓመት

ሲስተር፦ እንደምን ዋላችሁ። መድኃኒት አላዝም። የልጁን ዕድሜ ሳትጽፉ አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ የ4 ወር ልጄ ባለቀሰች ቁጥር አነሳታለሁ። አማቴ "እቅፍ ታስለምጃታለሽ" ይሉኛል።

ሲስተር፦ አንሻት። ራበኝ፣ ረጠብኩ፣ ብቻዬን ሆንኩ የምትልሽ በለቅሶ ነው። በዚህ ዕድሜ አትሞላቀቅም።

ጥያቄ፦ የ8 ወር ልጄ "ባባባ" ይላል። ምን ላስተምረው?

ሲስተር፦ ይቺን ስጠብቅ ነበር። አታስተምሪው፣ መልሺለት! "ባባባ" ሲል ዓይን ዓይኑን እያየሽ አንቺም "ባባባ" በይውና ዝም በይ። ብዙ ሰው የሚያቅተው ይሄ ዝምታ ነው። እግሩን ያወራጫል፣ ምራቁን ያዝረበርባል፣ ከዚያ ተራው ደርሶ ይመልሳል። ገንፎ ስታበዪውም ማንኪያውን ካፈጠጠበት "ትኩስ ነው፣ እፍ እንበልበት" በይው። ኤድዋርድ ትሮኒክ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እናቶችን ከሕፃናቶቻቸው ጋር ካጫወተ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸው ላይ ምንም ስሜት እንዳያሳዩ አደረገ። ሕፃናቱ ፈገግ አሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ እናትየው አልመልስ ስትል ፊታቸውን አዞሩ። ስልክ ላይ የተተከለ ፊትም ለልጁ ከዚህ ብዙ አይለይም። ስልኩን አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ልጄ አልበላ አለኝ፣ ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ ዕድሜ!

ጥያቄ፦ ቲቪስ? 1 ዓመት ከ2 ወሩ ነው።

ሲስተር፦ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ለ1 ዓመት ልጅ ስክሪን አይመክርም። 2 ዓመት ሲሞላው ቢበዛ በቀን 1 ሰዓት።

አባል 1፦ የኔ ልጅ ግን ኤቢሲዲን ከዩቲዩብ ነው የለቀመው።

አባል 2፦ ስሙን ስትጠሪው ዞር ይላል?

አባል 1፦ ልጄን አትንኩብኝ!

አባል 3፦ እኛን ማን በቲቪ አሳደገን? ታዝለን አደግን።

አባል 2፦ ታዝለሽ እግርሽ ተንሻፈፈ እንጂ።

ሲስተር፦ ኧረ በቃ! ማዘል እግር አያንሻፍፍም። እግሩ ግራና ቀኝ ተከፍቶ ሲታዘል ዳሌው ይመቸዋል፤ የሚጎዳው እግሩን ገጥሞ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ነው። አንገቱ ያልጠና ከሆነ ጭንቅላቱ ይደገፍ። እያዘላችሁም አውሩት። ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ልጅ ካለ ደግሞ ሐኪም ያሳዩት፣ እዚህ አይመረመርም።

ጥያቄ፦ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነኝ፣ ልጁን ሞግዚት ናት የምትይዘው።

ሲስተር፦ ልጁ ድምፅ ሲያወጣ እንዴት እንደሚመለስለት ለሷም አሳያት፣ ሰው ፊትም አታመናጭቃት፤ የተከፋች ሞግዚት ልጅ ለማጫወት ጉልበት የላትም። ማታ ገላውን አንተው እጠበው። ስልኩን አስቀምጥ።

አባል 3፦ ስልኩን ካስቀመጥን በምን እንጠይቅዎት?

ሲስተር፦ ልጁ ሲተኛ።