ገጹን ንገሩኝ

ውድ ወጣት አንባቢዎች፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በአርታኢነት ነው። መጀመሪያ ጋዜጣ ላይ፣ ኋላ ደግሞ መጻሕፍት ላይ ሠራሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ቡና እየጠጣሁ የእናንተን ጨዋታ እሰማለሁ። (ሆን ብዬ አይደለም፤ ጠረጴዛዎቹ ተጠጋግተው ነው።) ስለ መጻሕፍት ስታወሩ ደስ ይለኛል። «የሚያነብ ወጣት ጠፋ» የሚለው እሮሮ እኔም ወጣት እያለሁ ነበር። ያኔም አላመንኩትም፣ ዛሬም አላምነውም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። አንዱ «አሪፍ መጽሐፍ ነው» ይላል። ሌላዋ «ኧረ ደባሪ ነው» ትላለች። ከዚያ ወሬው ወደ ኳስ ይዞራል።

እኔ ብሆን ወሬው ከመዞሩ በፊት አንድ ጥያቄ አስገባ ነበር፦ የቱ ጋ?

ጋዜጣ ቤት ሳለሁ የአንባቢ አስተያየት የሚመጣው በፖስታ ነበር። አብዛኛው ምስጋና ነው። «ብዕራችሁ ይለምልም» ብሎ ይጀምርና ሁለት ገጽ ሙሉ ይመርቃል። ምርቃት የሚጠላ የለም። ግን አንብበን ስንጨርስ ስለ ጽሑፉ የነገረን ነገር አልነበረም። ስድቡም ያው ነው። አንድ ጊዜ ግን ከጎጃም ገጠር አንድ መምህር ጻፉልን። በተከታታይ እናወጣው በነበረ ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ገበሬ በሐምሌ ጤፍ ያጭዳል። መምህሩ የዕትሙን ቀንና አንቀጹን ጠቅሰው «በሐምሌ ጤፍ ይዘራል እንጂ አይታጨድም፤ አጨዳው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው» አሉ። በቃ፣ ይህቺው ናት ደብዳቤዋ። ደራሲው ሲያነባት መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠ፤ የታሪኩ ግማሽ የቆመው በዚያ አጨዳ ላይ ነበራ! እኚያ መምህር ስለ ሥነ ጽሑፍ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እስከ ዛሬ ካየኋቸው የአንባቢ አስተያየቶች ግን የእሳቸውን የሚያህል የለም።

ስለዚህ ስለ አንድ መጽሐፍ የምትሉት ነገር ሁሉ ገጽ ይኑረው። ወደዳችሁት? የትኛው ገጽ ላይ? ሰለቻችሁ? ከየት ጀምሮ? ይህን ራሳችሁን ስትጠይቁ አንዳንዴ ጉድ ይወጣል፤ ገጹን ትፈልጉታላችሁ፣ ታጡታላችሁ። አስተያየቱ ለካ ከሆነ ሰው የሰማችሁት ነው።

መስማት ካልኩ አይቀር፣ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላንሳ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ነው። በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተረከው፣ አገሩ ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። «አንብቤዋለሁ» ከሚሉኝ ሰዎች መካከል የሰማውንና ያነበበውን የምለይበት ዘዴ አለኝ። ስለ ጉዱ ካሳ እጠይቃለሁ። የሰማው ሰው ድምፁን አስመስሎ ይመልስልኛል።

መስማት ነውር አይደለም። ፊደል ያልቆጠሩ ብዙ እናቶቻችን ሰብለ ወንጌልን ያወቋት በዚያ ድምፅ ነው። ነገር ግን ትረካ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁም የተራኪው የወጋየሁም። ያስለቀሳችሁ የትኛው ነው? ተራኪ የሚያሳዝነው ቦታ ላይ ረጋ ይላል፣ ረጅሙን ክርክር በድምፁ ነፍስ ይዘራበታል። ወረቀቱ ላይ ግን ጉዱ ካሳ ንግግር ያበዛል። አንዳንዱ ጋ እኔም ገጽ ዘልዬ አውቃለሁ። ይህን ስናገር የሚቆጡ ወዳጆች አሉኝ፤ ይቆጡ። ዛሬ እናንተም ታክሲ ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ ጆሯችሁ ላይ ሰክታችሁ ትረካ ትሰማላችሁ። ስሙ። አስተያየት ስትሰጡ ብቻ «ሰማሁት» በሉ። ከዚያ በጣም የወደዳችሁትን አንድ ምዕራፍ ከመጽሐፉ ላይ በዓይናችሁ አንብቡት። አንዳንዱ ቦታ ከድምፁ በልጦ ታገኙታላችሁ፣ አንዳንዱ ደግሞ ይቀንስባችኋል። ያኔ የምትሉት ነገር የራሳችሁ ይሆናል።

ከመጽሐፉ ጀርባ ያለው ታሪክም መጽሐፉን ይጋርዳል። «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በእኛ ጊዜ መጽሐፉ በጋዜጣ ተሸፍኖ ከእጅ ወደ እጅ ነበር የሚሄደው። ታዲያ ምን ፍለጋ ነበር የምናነበው? ታሪኩ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ተከትሎ አሥመራ ላይ የሚካሄድ ነውና፣ «ይሄኛው ባለሥልጣን ማን ነው? ያኛውስ?» እየተባባልን ነበር። እናንተ ከዚያ ሹክሹክታ ነፃ ናችሁ። ስለ ባለታሪኮቹ ስለ ጸጋዬና ስለ ፊያሜታ የምትሉት ከእኛ ትውልድ አስተያየት የተሻለ ሊሆን ይችላል ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉ አሁን በእንግሊዝኛም ተተርጉሟል። ከእነዚያ ባለሥልጣናት አንዱንም በስም የማያውቅ አንባቢ ምን እንደሚል ለመስማት ጓጉቻለሁ።

«ነገም ሌላ ቀን ነው» ላይም ይኸው ይደርሳል። ገጣሚው ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልብ ወለድ የተረጎመው በደርግ እስር ቤት ውስጥ፣ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። ታሪኩን የሰማ ሁሉ አፉን ይይዛል፣ እውነቱን ነው። ነገር ግን ስለ መጽሐፉ ጠይቁት፤ ስለ ሲጋራው ወረቀት አውርቶ ይጨርሳል። አማርኛውስ? የአሜሪካ ደቡብ ሰው በአማርኛ ሲናገር ምን ይመስላል? ይህን ለመመለስ መጽሐፉን መግለጥ ግድ ነው።

አሁን ወደ ይሉኝታ ልምጣ፤ ትልቁ ችግራችን እሱ ነው።

ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) አዳራሽ የመጽሐፍ ውይይት ሲኖር ሄዳችሁ ታውቁ ይሆናል። ካልሄዳችሁ ሂዱ። መድረኩ ለአስተያየት ክፍት ሲሆን አንዱ ይነሳል። «በመጀመሪያ ደራሲውን ከልብ አመሰግናለሁ» ይላል። በሁለተኛም ያመሰግናል። ከዚያ ስለ ራሱ ትንሽ ያወራል፣ ሰዓት አልቋል ይባላል። ፕሮግራሙ አልቆ ደረጃው ላይ ስትደርሱ ግን ያው ሰው «ኧረ ተወኝ፣ ግማሹን አልቻልኩትም» ሲል ትሰሙታላችሁ። አዳራሽ ውስጥ የተሞገሰ መጽሐፍ በር ላይ ይቦጨቃል። ደራሲው ሙገሳውን ይዞ ቤቱ ይገባል፤ ሁለተኛው መጽሐፉም የመጀመሪያውን ጥፋት ይዞ ይወጣል።

ይህ የሚሆነው ሰውየውንና መጽሐፉን መለየት ስለሚያቅተን ይመስለኛል። «መጽሐፍህ ደካማ ነው» ማለት «አንተ ደካማ ነህ» እንደ ማለት ይሰማናል፤ እሱም እንደዚያ ይሰማዋል። ገጽ መጥቀስ እዚህ ላይ ይገላግላል። «ገጽ 112 ላይ እናትየዋ ተቀብረዋል፤ ገጽ 140 ላይ ቡና ያፈላሉ» ብትሉት የሚቀየማችሁ ደራሲ የለም። ቢቀየምም እናትየዋ ላይ ነው። ሽፋኑ ጀርባ ላይ ስለሚታተመው የታዋቂ ሰዎች አስተያየት ደግሞ ብዙ አልልም። የሰርግ ምርቃት ነው። «አሜን» ብላችሁ ወደ ውስጥ ግቡ።

መጽሐፍ ሁሉ በአንድ ሚዛን እንደማይለካ ታውቃላችሁ። ግን ስታወሩ ትረሱታላችሁ። ባለፈው አንዱ ስለ አንድ ወታደር ግለ ታሪክ ሲናገር «ልብ አንጠልጣይ አይደለም» አለ። ምን ያንጠልጥለው? ግለ ታሪክ ሌላ ጥያቄ ነው የሚጠየቀው። ስለ 1966ቱ አብዮትና ስለ ተከታዮቹ ዓመታት የተጻፉት ግለ ታሪኮች መደርደሪያ ይሞላሉ። የደርግ ሰዎች ጽፈዋል፣ የኢሕአፓ ሰዎች ጽፈዋል፣ የመኢሶን ሰዎችም ጽፈዋል። ሁሉም ትክክል የነበረው የእሱ ወገን ነው። አንዱን ብቻ አንብባችሁ «እውነቱ ይሄ ነው» አትበሉ። ከተቃራኒ ወገን ሌላ ፈልጉና ስለ አንድ ዓይነት ሳምንት፣ ስለ አንድ ዓይነት ስብሰባ የጻፉትን ጎን ለጎን አድርጉት። ጸሐፊው ስብሰባው ውስጥ ነበር ወይስ ሰው ነገረው? ሌሎቹን በስም ሲጠራ የራሱን እጅ «ተወሰነ»፣ «ተደረገ» እያለ ይደብቃል? እኔ እንደዚያ ዓይነት ገጽ ላይ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ምልክቱ የሚበዛበት መጽሐፍ አለ።

የታሪክ መጽሐፍ ስታነቡ ቀኖቹን ያዙ። በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ እነሱ አዲስ ዓመት ድረስ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜ ስምንት ዓመት ነው። ከውጭ ምንጭ የሚቀዳ ቸኩሎ ሁልጊዜ ሰባት የሚቀንስ ጸሐፊ አለ። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ በፈረንጆች 1896። ሰባት ብቻ የቀነሰ ሰው 1889 ይልላችኋል። ሁልጊዜ ስምንት የሚቀንሰው ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን መውረዳቸውን 1966 ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ገጽ ካገኛችሁ ሌላውንም ቀን ጠርጥሩ።

ግጥም ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሌላ ምክር የለኝም።

የተተረጎሙ የስኬት መጻሕፍት ታነባላችሁ፤ አውቃለሁ፣ ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር አዟሪዎቹ የሚዘረጉት እሱን ነው። አልነቅፍም። ግን ዋናው መጽሐፍ የማን እንደሆነና መቼ እንደተጻፈ ካልነገራችሁ ምኑን ታምኑታላችሁ? ስለ ገንዘብ የሚመክረውን ገጽ ስታነቡም እቁብ ለሚጥል፣ ደመወዙን ለእናቱ ለሚያካፍል ልጅ ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ይሠራል።

ስለ ጋዜጣና ስለ መጽሔት ጽሑፍ አንድ ነገር ልበል። አሁን አብዛኛው የሚደርሳችሁ ተቆርጦ ነው፤ አንድ አንቀጽ በቴሌግራም ይመጣል፣ ስምም ቀንም የለውም። በዚያች አንቀጽ ሰውየውን ታነሱታላችሁ ወይ ትጥሉታላችሁ። ሙሉውን ሳታነቡ አትፍረዱ። ጽሑፉ ዜና ነው ወይስ የግል አስተያየት? መቼ ወጣ? ቀኑ ሲታወቅ ትርጉሙ የሚገለበጥ ጽሑፍ ብዙ አይቻለሁ። ወመዘክር ገብታችሁ የድሮ ጋዜጦችን አስወጥታችሁ አገላብጡ። «አዲስ ዘመን» ከ1933 ጀምሮ ነው የሚታተመው። የዚያ ዘመን አንባቢ ሲጽፍ ምን ያህል በትሕትና እንደሚሳደብ ብታዩ ትስቃላችሁ።

ከባድ መጽሐፍስ? ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»ን በ1962 ሲያሳትም ብዙ አንባቢ ከበደው። ዛሬም ይከብዳል። በእኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ስላልገባው «የማይረባ» ይላል። ሌላው ስላልገባው «ድንቅ» ይላል። ሁለተኛው ይብሳል፤ አንደኛው ቢያንስ ለማስመሰል አልደከመም። «አልገባኝም» ሙሉ አስተያየት ነው። «እስከ ገጽ 80 ተከትዬው ነበር፣ ከዚያ ማን እንደሚናገር ጠፋኝ» ካላችሁ ደግሞ ከብዙ ሐያሲ ትበልጣላችሁ። መጽሐፍ ጀምሮ መተውም ይቻላል፣ የትም አልተከለከለም። የት እንደተዋችሁት ብቻ ተናገሩ።

የመጨረሻዋ ነገር ተግባራዊ ናት። ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት ያለ አርታኢ ነው የሚታተሙት። የፊደል ግድፈቱ፣ የተደገመው አንቀጽ፣ የተምታታው ስም እንዳለ ይወጣል። ደራሲው ብቻውን ጽፎ፣ ብቻውን አርሞ፣ ገንዘብ ተበድሮ ያሳተመው ነው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ግለጡ፤ ብዙ ጊዜ ስልኩ ወይም ኢሜይሉ እዚያ አለ። ጻፉለት። ገጹን፣ መስመሩን፣ ምን እንደሆነ። ምስጋናውን ከፈለጋችሁ መጨረሻ ላይ ጨምሩ። ስትልኩ ግን አትዘግዩ፤ መጽሐፉ ከተሸጠ ሁለተኛው ዕትም ቶሎ ማተሚያ ቤት ይገባል።