የዓሣ ነባሪ ወንዱና ሴቷ፦ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ ለምንገናኘው የተፈጥሮ ወዳጆች በዚህ ወር የደረሰን ጥያቄ ሁሉ ባሕር ገብቷል። ባሕር የሌለው አገር ሰው ስለ ዓሣ ነባሪ እንዲህ ሲጨነቅ ደስ ይላል። ይኸው መልሴ።

ጋሼ፣ ሲወለዱ ወንዱ ይበዛል ወይስ ሴቷ?
ግማሽ በግማሽ ናቸው ማለት ይቻላል። እንደኛው አጥቢ ስለሆኑ ፆታውን የሚወስነው የአባትየው ዘር ነው።

ማህፀን ውስጥ ያለውን ማን ቆጠረው?
ታሪኩ ደስ አይልም። ባለፈው ክፍለ ዘመን አዳኞች የገደሏት እርጉዝ ሆና ስትገኝ የፅንሱን ርዝመትና ፆታ ይመዘግቡ ነበር። ከልደት በፊት ስላለው የወንድና የሴት ምጣኔ የምናውቀው አብዛኛው ነገር ከዚያ መዝገብ የመጣ ነው። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የንግድ አደን እንዲቆም የወሰነው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ከቆዳቸው በትንሽ ቀስት ቁራጭ ተወስዶ በዲኤንኤ ፆታቸው ይለያል። ፅንስ ግን በዚህ አይቆጠርም።

ሃምፕባክ በሚባለው የዓሣ ነባሪ ዝርያ ላይ ወንዱ ከሴቷ እጥፍ ነው ሲባል ሰማሁ። ሴቶቹ የት ሄዱ?
የትም አልሄዱም። ከአውስትራሊያ ምሥራቅ ዳርቻ በሚያልፉት ላይ ናሙና ሲወሰድ በእርግጥ ወንዱ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ግን ሁሉም ሴት በየዓመቱ ወደ መራቢያው አትጓዝም፤ አንዳንዷ ምግብ ባለበት ትከርማለች ተብሎ ይታሰባል። ወንዱ ደግሞ መራቢያው ላይ ይቆያል። አዲስ አበባ ስታዲየም በር ላይ ቆሞ ተመልካች ቆጥሮ «ከተማው ወንድ ብቻ ነው» እንደማለት ነው። በስፐርም ዓሣ ነባሪ ደግሞ ይብሳል፦ ጎልማሳ ወንዶቹ ወደ ዋልታዎቹ ብርድ ይወጣሉ፣ ሴቶቹ ከልጆቻቸው ጋር ሞቃት ባሕር ላይ ይቀራሉ። አንታርክቲካ አካባቢ ይታደን የነበረው ወንድ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እኔ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ቆመው ቆጠሩ?» ብዬ ነው።

ዮናስን የዋጠው ወንድ ነው ሴት?
እማማ፣ መጽሐፉ «ታላቅ ዓሣ» ብሎ አልፎታል። ለነነዌ ጾም ያቆዩልኝ።

ማን ረጅም ዕድሜ ይኖራል?
ኦርካ በሚባለው ዝርያ ሴቷ። 80 ዓመት የምታልፍ አለች፤ ወንዱ 60 ከደረሰ ብዙ ኖረ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ብቻ ከቆጠርን አሮጊት ይበዛል። የሚገርመው፣ ከ30 ዓመት በላይ የሆነው ጎረምሳ እንኳ እናቱ ስትሞት የመሞት ዕድሉ በጣም ይጨምራል። የእማዬ ልጅ ማለት ይሄ ነው።

ምጣኔው ቢዛባ ምን ይጎዳል?
ሴት ስታንስ መውለዱ ይጎዳል፤ የሰሜን አትላንቲኩን ራይት የሚባል የዓሣ ነባሪ ዝርያ ተመልከቱ። የቀሩት ከ400 በታች ናቸው፤ ለመውለድ የደረሱት ሴቶች 70 ገደማ። መርከብ ይገጫቸዋል፣ የአጥማጆች ገመድ ይጠልፋቸዋል። ድሮ በ3 ዓመት አንዴ ትወልድ የነበረች አሁን ከ7 እስከ 10 ዓመት ትቆያለች። አንዷ ስትሞት ከእሷ ይወለዱ የነበሩት ሁሉ አብረው ይቀራሉ።