ሰሊጥ ድርቅ ይችላል፣ ውሃ ግን አይችልም

«ድርቅ ይችላል ብለውኝ ሰሊጥ ዘራሁ። መጀመሪያ እዚህም እዚያም ተቆራርጦ በቀለ። ከዚያ ዝናቡ አራት ቀን ሲያከታትልበት ቢጫ ሆኖ ጠወለገ። ማዳበሪያ ልጨምርበት?»

ማዳበሪያውን ለጊዜው ይተዉት። ከጠወለገው አንዱን ነቅለው ሥሩን ይዩ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ነው። ቡናማ ሆኖ በጣት ሲስቡት ልጡ የሚላቀቅ ከሆነ፣ ውሃ አፍኖት በስብሷል። ሰሊጥ ድርቅ የሚችለው ዋና ሥሩን ወደ ታች ከሰደደ በኋላ ነው። ውሃ ተኝቶበት ግን ሁለት ሦስት ቀን እንኳ ይከብደዋል። ዛሬውኑ ዶማ ይዘው ውሃውን በቦይ ወደ ተዳፋቱ ያፍስሱት። ሥሩ ያልተበላሸው ሊያገግም ይችላል። የበሰበሰውን ምንም አያስነሳውም።

ተቆራርጦ መብቀሉ ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ሺህ የሰሊጥ ፍሬ 3 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። ይህቺን ሚጢጢ ፍሬ አጥልቀው ቀብረው ትወጣለች ማለት ግፍ ነው። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃታል። ደግሞም ከተዘራ በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ፀሐይ ከወጣ፣ የላዩ አፈር እንደ ቅርፊት ይጠጥራል። ባዶው ቦታ ላይ ቅርፊቱን በጥፍርዎ ያንሱት። ከሥሩ ተጣጥፎ የቀረ ነጭ ቡቃያ ካገኙ ዘሩን አይውቀሱ።

በሚቀጥለው ወቅት ለመጀመሪያው ካፊያ አይሸወዱ። እኔም ተሸውጄ ሁለቴ የዘራሁበት ዓመት አለ። አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው አፈሩን ጨበጥ ያድርጉት። ካልተበተነ ይዝሩ። ውሃ የሚተኛበት ማሳ ከሆነ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይሁን። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቢቀላቅሉት እኩል ይወርድልዎታል። በመስመር መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። ቡቃያው ሲጠና በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያሳሱት። እጅዎ ይሳሳል፣ አውቃለሁ፤ ግን ጨክነው ይንቀሉ። ዝናብ ሲጠፋ የተጨናነቀው እርስ በርሱ ነው የሚሻማው። አረሙንም በመጀመሪያው ወር አይታገሡት፤ ሰሊጥ ልጅነቱ ላይ ዘገምተኛ ነው።

አሁን ያለውን ክፍተት ግን በአዲስ ዘር አይሙሉት። ሰሊጥ ሲደርስ የፍሬው መያዣ ከታች ጀምሮ እየተከፈተ ፍሬውን ያፈሳል። ዘግይቶ የተዘራውን ሲጠብቁ የመጀመሪያው መሬት ላይ ያልቅብዎታል። ዝርያው ቅርንጫፍ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ ጎረቤቶቹ ክፍተቱን በከፊል ይሸፍኑታል።