ጤፍ ጠጠር ስታክል፦ በቤት ውስጥ ዕቃ ስለሚነሳ ማክሮ ፎቶ ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ነኝ። የጤፏን ማክሮ ፎቶ (ጥቃቅን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ ፎቶ) ካሳየኋችሁ ወዲህ «በምን አነሳኸው?» የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። ዛሬ ቡናዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ የቻልኩትን ልመልስ።

ማክሮ ሌንስ ገዝተህ ነው አይደል? እውነቱን ንገረን።

ኧረ የምን መግዛት! ከካሜራው ጋር የመጣውን 18-55 ሚሊ ሜትር ዙም ሌንስ ገልብጬ ነው። ፊቱ ወደ ካሜራው፣ ጀርባው ወደ ጤፏ። ሌንስ ትልቁን ነገር አሳንሶ ሴንሰር (ካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ላይ ያሳርፋል፤ ሲገለበጥ ሥራውም ይገለበጣል። ዙሙም ጭምር፦ 18 ላይ በጣም ያጎላል፣ 55 ላይ ይቀንሳል። የመጀመሪያ ቀን ሌንሱ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

በእጄ ስይዘው ይንቀጠቀጣል። አንተ በምን አያያዝከው? (ከቢቸና)

ሌንስ ሲወጣ ካሜራው ላይ የሚገጠመውን የፕላስቲክ ክዳን መሀሉን ቆርጬ አወጣሁት። ሌንስ ፊት ላይ የሚጠመዘዝ፣ መስታወቱ የተሰበረ የፊልተር ቀለበት በኢፖክሲ (ጠንካራ ማጣበቂያ) ለጠፍኩበት። በቃ። የቀለበቱ ስፋት ከሌንስህ ፊት ጋር እኩል ይሁን፤ የኔ 58 ሚሊ ሜትር ነው፣ የአንተ ሌንሱ ላይ ተጽፏል። ከቆረጥክ በኋላ ግን ጠርዙን በደንብ ጥረገው! እኔ ቸኩዬ ብናኙ ሴንሰር ላይ አረፈብኝ። ሁለት ወር ሙሉ ፎቶዬ ላይ ቁንጫ የፈሰሰ ይመስል ነበር።

ስንት ነፍሳት እያለ ጤፍ ምን ያደርግልሃል?

ጤፍ አትበርማ! ደግሞም ለመሣሪያህ ፈተና ናት። ፍሬዋ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የካሜራዬ ሴንሰር ወርድ ደግሞ 22 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 1 ለ 1 የሚባለው ማክሮ (ነገሩን በራሱ መጠን ሴንሰር ላይ የሚያሳርፈው) እንኳ ከፎቶው ወርድ 22ኛውን እጅ ብቻ ይሰጣታል፤ ነጥብ ናት ማለት ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ ስትጎላ ነው መልክ የምታወጣው። ቀይ ጤፍ ወንዝ ያለሰለሰው ጠጠር ትመስላለች። ሰርገኛውን አንድ ላይ በትነህ እየው፤ በዓይን አንድ መልክ የነበረው ጉራማይሌ ሆኖ ቁጭ ይላል።

የኔ ጨለማ ሆነ፤ ከጤፏም ግማሿ ብቻ ነው የሚጠራው። (ከሞጣ)

እህቴ፣ ሁሉም እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ባጎላሽ ቁጥር ብርሃን ይሸሻል፤ 1 ለ 1 ላይ ብቻ ወደ ሩብ ይወርዳል። የስልክ ባትሪ አብሪና መሀሉ ላይ ነጭ ፌስታል ወይም ሶፍት ጋርጂ፤ ብርሃኑ ይለሰልሳል። ጥራቱን በሌንሱ ቀለበት አትፈልጊው። ጤፏን መጽሐፍ ላይ አድርጊና መጽሐፉን በቀስታ ግፊው። ግማሽ በግማሽ የጠራ ብዙ ፎቶ አንሺና በኮምፒውተር አዋህጂው። ኮምባይን ዜድ ፒ የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ነው።

ልጄ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ስልክ እንጂ ካሜራ የለኝም። (ከዳንግላ)

ጋሼ፣ ስልክዎ ይበቃል። የተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ ካለ ልጆቹ ይፍቱልዎት፤ ዲስኩን የምታነበው ትንሿ ሌንስ ትወጣለች። መሣሪያው ከመብራት የተነቀለ ይሁን። ሌንሷን የስልኩ ካሜራ ላይ በፕላስተር ዳር ዳሯን ያያይዙ። ከዚያ ወደሚያነሱት ነገር ሊነካ እስኪል ድረስ ነው የሚጠጉት፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀራል።

ንብ ሳነሳ ትሄድብኛለች። ፍሪጅ ውስጥ ባስገባትስ?

ተዋት እባክህ። ከጎጃም ብርድ የበለጠ ምን ፍሪጅ ትፈልጋለህ? በጮቄ ተራራ በኩል ከሆንክ ደግሞ በእጥፍ። ጠዋት 12 ሰዓት ውጣ። ሣሩ ላይ ያደሩ ነፍሳት ፀሐይ እስክትሞቅ ደንዝዘው ይቆያሉ፤ ጤዛውም ያኔ ነው የሚያምረው።

ለጀማሪ ምን ትመርጥልኛለህ?

አደይ አበባ። አንድ አበባ አይደለችም፤ መሀሏ ላይ ያለው ቢጫ ክምር ብዙ ጥቃቅን አበባ ነው፣ እያንዳንዷ የራሷ ዱቄት አላት። ኑግም እንደዚያው ነው፣ ዘመዳሞች ናቸው። ብቻ ቆርጠሽ ቤት አስገቢያት፤ ሜዳ ላይ ንፋሱ አያስነሳሽም።