ለመርከብ መኮንንነት ለምትሠለጥኑ ልጆቼ

«ጋሼ፣ ባሕር ላይ ሳሉ ዓሣ ነባሪ አይተው ያውቃሉ?» ሲል ባለፈው ሳምንት አንድ ሠልጣኝ ጠየቀኝ። «አይቻለሁ» ብዬው ዝም አልኩ፤ የቀረውን ለሁላችሁም ልጻፍላችሁ።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሦስተኛ መኮንን ሆኜ ከጅቡቲ ወደ ሲንጋፖር ስንጓዝ፣ ከስሪላንካ ደቡባዊ ጫፍ ከዶንድራ ወዲያ፣ የረፋዱ ተረኛ ነበርኩ። በስተቀኝ በኩል የሦስት ፎቅ ቤት ያህል ከፍታ ያለው ነጭ የትንፋሽ ጉም ብድግ አለ። መነጽሩን ባነሣ ሰማያዊ ግራጫ ጀርባ ውሃውን ሰንጥቆ ወጣ፤ ሲያልፍ ሲያልፍ ቆይቶ በመጨረሻ ከጅራቱ አቅራቢያ ትንሽዬ ክንፍ ብቅ አለች። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ነበር፤ እስከ 30 ሜትር የሚረዝም፣ ከታወቁት እንስሳት ሁሉ የሚገዝፍ፣ ሆኖም ከትንሽ ጣት የማይበልጥ፣ ክሪል የሚባል ሽሪምፕ መሰል የባሕር ፍጥረት እየበላ የሚኖር። የሚሄደው ወደ እኛ መንገድ ነበር። ካፒቴኑ ቁጡ ሰው ስለነበሩ «ለዓሣ ብለህ ጠራኸኝ?» እንዳይሉኝ ፈራሁና፣ ድምፃችንን ሰምቶ ይጠልቃል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከሰዓት በኋላ ነፋስም ሞገድም ሳይኖር ፍጥነታችን ቀነሰ። የመርከበኞቹ አለቃ ወደ ፊት ሄዶ ቁልቁል ሲመለከት፣ እንስሳው በመርከቧ አፍንጫ ላይ ተጣጥፎ ተንጠልጥሏል፤ ከአገጩ እስከ እምብርቱ የወረዱት ሸንተረሮች ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲሠራ ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ሰመጠ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ይሰማናል ማለቴ ስሕተት እንደነበር ኋላ ተማርኩ። የፕሮፔለሩን ድምፅ የመርከቧ አካል ስለሚጋርደው ከፊት ያለው እንስሳ በደንብ አይሰማውም፤ መርከብ ሲቀርበውም ፈጥኖ አይሸሽም። እናቲቱ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ግልገል ብቻ ስለምትወልድ፣ የአንዱ ሞት በቀላሉ አይተካም።

የዛሬ ወጣቶች ከመስኮቱ ይልቅ ስክሪኑን ታምናላችሁ፤ ይህ ያሳስበኛል። ግን እኔስ በመስኮት አይቼ ምን ፈየድኩ? እናንተ ቢያንስ ትጠይቃላችሁ፤ እኛ አለቃ ፊት አፋችንን አንከፍትም ነበር።

ኤም.ኤስ.ሲ. የተባለው ትልቅ የመርከብ ኩባንያ በ2022 እ.ኤ.አ. መርከቦቹ በስሪላንካ ደቡብ በኩል ሲያልፉ ከዓሣ ነባሪዎቹ እንዲርቁ 15 የባሕር ማይል ያህል ወደ ደቡብ ራቅ እንዲሉ አደረገ። እናንተም መንገዱን ስትነድፉ ይህንኑ ጠይቁ፤ ትንፋሹን ካያችሁም ካፒቴኑን ጥሩ፣ ቢቆጣም ይቆጣ። እኔ በዚያ ረፋድ በመርከቧ መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት «ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ባሕሩ የተረጋጋ፣ ፍጥነት 14 ኖት» የሚል ብቻ ነበር።