ስለ ምስጢረ ቀንዲል የጠየቃችሁኝ

ካህን አይደለሁም፤ በካቶሊክ ቁምስናችን ሕሙማንን ከሚጎበኙት አንዱ ነኝ። ምስጢረ ቀንዲል ካህን ለታመመ ሰው እየጸለየ ዘይት የሚቀባበት ምስጢር ነው። ጥያቄ ላኩ ባልኩት መሠረት የመጣውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ እናቴ ካንሰር ይዟታል። አባን ልጥራ ስል ወንድሞቼ «ታስደነግጫታለሽ፣ ሟርት ነው» አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሪያቸው። ይህ ነገር በየቤቱ አለ። ምስጢሩ ለዘመናት «የመጨረሻ ቅባት» ሲባል ስለኖረ፣ ካህን ዘይት ይዞ ሲገባ ሰው ልቅሶ ይታየዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ግን በ1963 እ.ኤ.አ. ነገሩን አጥርቶታል፤ ሊሞቱ ለሚያጣጥሩ ብቻ አይደለም፣ በሕመም ወይም በእርጅና አደጋው ሲጀምር ጊዜው ደርሷል። ያዕቆብም (5፥14) ካህናቱን የሚጠራው ታማሚው ራሱ እንዲሆን ነው የጻፈው። ለመጥራት ደግሞ አንደበት ያስፈልጋል! እናትሽ አሁን መናዘዝም መቁረብም ትችላለች። ስለዚህ ጓዳ ገብታችሁ አትወስኑላት፤ እሷን ጠይቋት።

ጥያቄ፦ ከአንድ ጊዜ በላይ ይሰጣል?

መልስ፦ አዎ። ድኖ ዳግመኛ በጽኑ ከታመመ፣ ወይም በዚያው ሕመም ከባሰበት።

ጥያቄ፦ ካህን ሩቅ ነው። ዲያቆኑ ወይም እኛ ብንቀባስ?

መልስ፦ አይሆንም። የኃጢአት ስርየትም የሚሰጥበት ምስጢር ስለሆነ ለካህንና ለጳጳስ ብቻ የተሰጠ ነው፤ ሮም ይህንኑ በ2005 እ.ኤ.አ. ደግማ አስታውቃለች። ከንግደት ያመጣችሁትን ዘይት እየጸለያችሁ ብትቀቡ ማንም አይከለክላችሁም፣ ምስጢር ግን አትበሉት።

ጥያቄ፦ አባታችን ራሱን ስቷል። ረፈደብን?

መልስ፦ አልረፈደም፤ አሁኑኑ ደውሉ። ቢያውቅ ኖሮ ይጠይቅ ነበር ተብሎ ከታመነ ይቀባል። ነፍሱ መውጣቷ ካጠራጠረም ይቀባል። በእርግጥ ካረፈ ግን ቅብዓት የለም፣ ጸሎት ነው።

ጥያቄ፦ ከቀዶ ጥገና በፊትስ?

መልስ፦ የሚያስቀድደው ሕመም ከባድ ከሆነ፣ አዎ። ጥርስ ለማስነቀል አይደለም (የጠየቀኝ ሰው አለ)።

ጥያቄ፦ ሆሳዕና ከተማ ያየሁት ሥርዓት አዲስ አበባ ካየሁት ይለያል። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ ሁለቱም። ደቡብ ላይ በብዛት የላቲን (የምዕራቡ ካቶሊክ) ሥርዓት ነው፤ ካህኑ ግንባርና እጅ ይቀባል፣ ዘይቱም በሰሞነ ሕማማት ጳጳሱ የባረከው ነው። ከ1972 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወይራ ዘይት ካልተገኘ ከሌላ ተክል የተጨመቀም ይሆናል። እንደ አዲስ አበባው በግዕዝ ሥርዓት ያላችሁ ደግሞ የምሥራቃውያን ካቶሊካውያን ሕግ ይመለከታችኋል፤ በዚያ እንደ ደንቡ የሚቀባው ካህን ራሱ ዘይቱን ይባርካል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ነው። የእኛ ካህን ሊቀባው ይችላል?

መልስ፦ በገዛ ፈቃዱ ከጠየቀና ከተዘጋጀ የእኛ ሕግ አይከለክልም። እኔን ብትጠይቂኝ ግን መጀመሪያ የንስሐ አባቱን ጥሪለት።

ጥያቄ፦ ስንት ይከፈላል?

መልስ፦ ምንም። ሆስፒታል ከተኛ ግን የክፍሉን ቁጥርና የመጠየቂያ ሰዓቱን አስቀድማችሁ ለአባ ላኩላቸው፤ ከበር የተመለሱ ካህናት አውቃለሁ።